ባቡር የራቀው ሃይዳርፓሻ፦ የኢስታንቡሉ ጣቢያ ለምን ጸጥ አለ?

በኢስታንቡል የእስያ ክፍል ከባሕሩ ዳር የሚገኘው የሃይዳርፓሻ ባቡር ጣቢያ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የተጓዦች መናኸሪያ ሆኖ ቆይቷል።

በጀርመናውያኑ አርክቴክቶች ኦቶ ሪተር እና ሄልሙት ኩኖ የተነደፈው ሕንጻ ግንባታ እ.ኤ.አ በ1906 ተጀምሮ በ1908 ተጠናቀቀ። ግዙፉ ሕንጻ ያረፈው 1 ሺህ 100 በሚሆኑ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው።

የከተማዋ ዳርቻ ነዋሪዎች ማለዳ ከጌብዜ አቅጣጫ በባቡር መጥተው፣ ከጣቢያው ደጃፍ በጀልባ ወደ አውሮፓው ክፍል ይሻገሩ ነበር።

ጣቢያው በ1917 በፍንዳታ፣ በ2010 ደግሞ በጣሪያው ላይ በተነሳ እሳት ተጎድቷል። ባቡሮቹን ያራቀው ግን አደጋ ሳይሆን አዲስ መስመር ነው። የዳርቻው ባቡር በ2013 ለእድሳት ተቋረጠ፤ በዚያው ዓመት ከቦስፎረስ ሥር የሚያልፈው የማርማራይ ዋሻ ተከፈተ። በ2019 ከጌብዜ እስከ ሃልካሊ የተዘረጋው የ76 ኪሎ ሜትር መስመር ሥራ ሲጀምር፣ ባቡሮቹ ሃይዳርፓሻ ሳይደርሱ ወደ ምድር ውስጥ የሚገቡ ሆኑ።

በሃዲዱ ስፍራ የተካሄደው ቁፋሮ በ451 ታላቁ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የተደረገባትን የጥንቷን ኬልቄዶን ቅሪቶች አውጥቷል። ጣቢያው ቅርስ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚሹ ነዋሪዎችና የባቡር ሠራተኞች ግን ባቡሩ እንዲመለስ ሲጠይቁ ቆይተዋል።