የሀዋሳው አማካይ ሽመልስ በቀለ

የዛሬው የስፖርት ዓምዳችን ስለ አንድ አማካይ ተጫዋች ነው። በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ስንከፋፈል ሁሉም «እኔ አጥቂ ነኝ!» ይላል፤ መሀል የሚገባው የተረፈው ልጅ ነው። ስለ አማካይ ሲነሳም ልጆቹ የሚጠሩት በዲኤስቲቪ ያዩትን የሆላንዱን ፍሬንኪ ዴ ዮንግን ነው። ከአያክስ ወደ ባርሴሎና የሄደው እ.ኤ.አ በ2019 እንደሆነ ሳይቀር ይነግሯችኋል። ሽመልስ በቀለ የት ተወለደ ስትሏቸው ግን ጸጥ! እዚሁ ሀዋሳ ነው የተወለደው፣ በ1983 ዓ.ም።

አማካይ ማለት በተከላካይና በአጥቂ መሀል ያለ ድልድይ ነው። ከኋላ ኳስ ይቀበላል፣ ለፊተኞቹ ያቀብላል፣ ኳስ ሲነጠቅም ተመልሶ ይከላከላል። ጎል ሲገባ የሚጨፈረው ለአጥቂው ነው እንጂ ለሱ ብዙም አይጨፈርም።

ሽመልስ በሀዋሳ ከተማ ክለብ ተጫውቶ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄደ። በ2005 ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ስትሄድ እሱም በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ውስጥ ነበር። (እኛ ያኔ ገና ሕፃናት ነበርን።) ከዚያ ግብፅ ገብቶ ለፔትሮጀት አምስት ዓመት ያህል ተጫወተ። ፔትሮጀት የነዳጅ ሥራ ድርጅት ክለብ ነው፤ ስሙ ራሱ ማደያ ይመስላል። ቀጥሎም እዚያው ግብፅ ለምስር አል መቃሳና ለኤል ጎና ተጫውቷል። በሰው አገር ሊግ ያን ያህል ዓመት መቆየት ለኛ ተጫዋቾች ብዙ ያልተለመደ ነገር ነው። የዋልያዎቹ አምበልም ሆኗል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የኅዳር 9 ቀን 2012ቱ ጨዋታ ነው። ባሕር ዳር ላይ ከኮትዲቯር ጋር ነበር። ኮትዲቯር እኮ ሁለት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ በልታ ነው የመጣችው! ገና ጨዋታው ሲጀመር የቶተንሃሙ ሰርጅ ኦሪዬ አገባብን። ሱራፌል ዳኛቸው አቻ አደረገን። ከዚያ ሽመልስ ሁለተኛውን አገባና 2 ለ 1 አሸነፍን።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ማጣሪያው ሲያልቅ ኢትዮጵያ 9 ነጥብ፣ ማዳጋስካር 8 ነጥብ ነበራቸው። ኮትዲቯርን ተከትለን እኛ ወደ ካሜሩን አለፍን፣ ማዳጋስካር ቀረች። የሽመልስ ጎል ባትኖርና ጨዋታው 1 ለ 1 ቢያልቅስ? ለማሸነፍ 3 ነጥብ ነው፣ ለአቻ 1 ነው። ከ9 ላይ 2 ሲቀነስ 7 ይሆናል። 7 ደግሞ ከ8 ያንሳል። ስለዚህ የምንቀረው እኛ ነበርን።

በሚቀጥለው እትም ስለ ሌላው የሀዋሳ ልጅ፣ በ2005 ዛምቢያ ላይ ጎል ስላገባው አዳነ ግርማ እንጽፋለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!