ፓፈርን አዳማ ላይ ለማኖር

ፓፈር ሲደነግጥ ውሃ እየዋጠ ሆዱን እንደ ኳስ የሚነፋ ዓሣ ነው። ወደ 200 ከሚጠጉት ዝርያዎቹ አብዛኞቹ የባሕር ናቸው። ፋሃካ የሚባለው ግን ጨው በሌለበት ውሃ ይኖራል፤ በአገራችንም በባሮ፣ በኦሞ ወንዝና ኦሞ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ ይገኛል። አዋሽና ዝዋይ ውስጥ ግን የለም።

ሊያሳድገው የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጓደኛ ምን ልጨምርለት?» ብሎ ነው። መልሱ አጭር ነው፦ ምንም። ከዝዋይ የመጣ የቆሮሶ ጫጩት ቢጨመርለት ክንፉን ይቆራርጠዋል፣ ሲመቸውም ይበላዋል። አምባዛም መፍትሔ አይሆንም፤ ፓፈሩ ይነክሰዋል፣ ካደገ ደግሞ ቦታውን ይሻማዋል። ሁለተኛ ፋሃካ መጨመር ጠብ መግዛት ነው። ይህ ዓሣ ብቸኝነት አያስከፋውም። ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ የሚመግበውን ሰው በዓይኑ መከተል ይወዳል፤ ባለቤቱ ይህን ጨዋታ ካገኘ ይበቃዋል ባይ ነኝ።

ሲገዛ የጣት ያህል ይሆናል፤ ሲያድግ ግን ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ስለዚህ አኳሪየሙ የሚመረጠው ላደገው ዓሣ ነው፦ ርዝመቱ 150፣ ወርዱ 60፣ ከፍታው 55 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 500 ሊትር ይይዛል። ወርዱ ከከፍታው ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ዓሣው መዞር አለበትና። ውሃው ብቻ ግማሽ ቶን ስለሚመዝን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለ ሰው ከማስቀመጡ በፊት መሐንዲስ ቢያማክር ይሻላል። ፋሃካ ራሱን ስለሚቀብር ከታች ጠጠር ሳይሆን ደቃቅ አሸዋ ይነጠፍለት። ሳሎኑ ለጠበበበት በደቡብ ሕንድ የሚገኝ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ድንክ ፓፈር አለ፤ 40 ሊትር ለአንዱ ይበቃዋል። ጠባዩ ግን ከትልቁ ብዙም አይሻልም።

አዳማ ሞቃት ናት ተብሎ ማሞቂያ መተው ስሕተት ነው። ዓሣው የሚፈልገው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሲሆን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ15 በታች ይወርዳል። ማሞቂያው መከለያ ይኑረው፤ ፓፈር ገመድ ይነክሳል። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ስለሚቆም በባትሪ የሚሠራ አየር ማስገቢያ መያዝ ግድ ነው። በየሳምንቱ 200 ሊትር ያህል ውሃ ይቀየራል፤ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አሥር ማለት ነው፣ የውሃ ፈረቃው ሲዛነፍ ደግሞ ራስ ምታት። የቧንቧው ውሃ በክሎሪን የታከመ ስለሆነ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ይደር። ፊልተሩም በዚሁ በቧንቧ ውሃ አይታጠብ፤ ቆሻሻውን የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎች ያልቃሉ። አኳሪየሙ አዲስ ሲሆንም እነሱ እስኪበዙ አንድ ወር ተኩል ያህል ዓሣው ባይገባ ይመረጣል።

ምግቡ ሌላው ጣጣ ነው። አራት የተጣበቁ ጥርሶቹ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ፤ ጠንካራ ቅርፊት ካልሰበረባቸው ረዝመው አፉን ይዘጋሉ። ቀንድ አውጣ የግድ ያስፈልገዋል። ወንጂ ቅርብ ነው ብሎ ከሸንኮራው ቦይ መልቀም ግን አደጋ አለው፤ የወንጂ ቦዮችና የዝዋይ ዳርቻ ቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ያለባቸው ናቸው፣ ተውሳኩም ውሃ ውስጥ ወዳለ ሰው በቆዳው በኩል ይገባል። ቀንድ አውጣን ቤት ውስጥ በሌላ ባልዲ ሰላጣ እየሰጡ ማራባት ይሻላል። የአኳሪየሙን ግድግዳ በእንዶድ ለማጠብ ያሰበ ካለም ይተው። ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቁት ያ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል።

ፓፈር ጥብስ አይሆንም። ሰውነቱ ውስጥ ቴትሮዶቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል፤ መርዙን ማብሰል አያጠፋውም፣ ማርከሻም የለውም። ለጨዋታ ተብሎም ከውሃ አውጥቶ ማስነፋት አይገባም፤ በውሃ ፋንታ አየር ከዋጠ ማስወጣት ይቸግረዋል።

ያልቻለበት ሰው ዓሣውን አዋሽ ወይም ቆቃ ላይ ይለቀው ይሆናል። አይሁን፤ እንግዳ ዝርያ ምን እንደሚያመጣ አይተናል። በአገራችን እምቦጭ መጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ነው፤ ዛሬም ጀልባውንና መረቡን ይዞ ያለው ይህ እንግዳ አረም ደግሞ መነሻው በአበባው ውበት የተወደደ የኩሬ ተክል ነበር።