የኮምፒዩተሩ መብራትም ይቃጠል

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው የአባቶች ተረት ስለ ሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም፤ ዛሬ በዚህ ዓምድ ለምንነጋገርበት ጉዳይ በልክ እንደ ተሰፋ ልብስ ይስማማዋል። ጉዳዩም ይህ ነው። ተማሪ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ባትሪና ሽቦ አገናኝቶ፤ ትንሽ መብራት እያበራና እያጠፋ የኤሌክትሪክን ትምህርት የሚማርበት ዘዴ በዓለም ላይ ተስፋፍቷል፤ ወደ አገራችንም ገብቷል። ታዲያ በመስኮቱ ላይ የሚታየው መብራት የእውነተኛው መብራት ጠባይ ከሌለው፤ ተማሪው ዛሬ ያወቀ ይመስለውና ነገ እውነተኛውን ዕቃ በእጁ ሲይዝ አለማወቁ ይገለጣል።

ነገሩን በሥፍራ ለይተን ለማየት መራዊን እንውሰድ። መራዊ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሰሜን ሜጫ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአጠገቧም 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ ግድብ ይገኛል። እንዲህ ባለች ከተማ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ኤል.ኢ.ዲ. የሚባለውን መብራት ከመጽሐፍ አስቀድሞ በኑሮው ያውቀዋል። በእጅ ባትሪው ውስጥ፤ በፀሐይ በሚሞላው ፋኖስ፤ በስልኩ ጀርባ፤ በባጃጁ ላይ የሚያበራው ይኸው ነው። እንግዲህ የጎደለው መብራቱ አይደለም። የጎደለው መብራቱን ገጥሞ፤ ለክቶ፤ አበላሽቶም ቢሆን የሚማርበት ቤተ ሙከራ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ያለው የመለኪያ መሣሪያ ለተማሪው ቁጥር የማይዳረስ መሆኑን መምህራን ሁሉ የሚመሰክሩት ነው። ስለዚህ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ለእንዲህ ያለው ተማሪ መዝናኛ ሳይሆን፤ ምናልባት ብቸኛው የሙከራ ዕድሉ ሊሆን ይችላል። ብቸኛ የሆነ ምስክር ደግሞ ሐሰተኛ ሊሆን አይገባውም።

የመብራቱን ታሪክ በአጭሩ ብናወሳ መልካም ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. ሄንሪ ራውንድ የተባለው እንግሊዛዊ ሲሊኮን ካርባይድ በተባለ ጠጣር ነገር ውስጥ ኮረንቲ ቢያሳልፍ ብርሃን ሲወጣ ተመለከተ። ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን፤ ለሥራ የሚውለውን ዳዮድ ግን አሜሪካዊው ኒክ ሆሎኒያክ በ1962 ዓ.ም. በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሠራ። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገ ትብብር የተቋቋመው በዚሁ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ስለሆነ፤ ቀዩ መብራትና የጣና ዳሩ የቴክኒክ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ብቻ የሚበላለጡ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ደማቁን ሰማያዊ ብርሃን ያስገኙት ሦስቱ ጃፓን ተወላጆች፤ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፤ በ2014 ዓ.ም. የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተቀብለዋል። ዛሬ ቤታችንን የሚያበራው ነጭ ብርሃንም በአብዛኛው የሚገኘው ሰማያዊውን መብራት ቢጫ በሚያበራ ቅባት በመሸፈን ነው።

የዚህ መብራት ጠባይ ከድሮው አምፑል ፈጽሞ የተለየ ነው። የድሮው አምፑል በውስጡ ያለው ክር ግሎ ያበራል፤ የባትሪውን ጫፎች ቢያገላብጡበትም ግድ የለውም። ኤል.ኢ.ዲ. ግን ኮረንቲን የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ረጅሙ እግሩ ወደ ፖዘቲቭ፤ አጭሩም ወደ ነጋቲቭ ካልሆነ አይበራም። በትክክል ቢገጠም እንኳ ቀዩ ወደ 2 ቮልት፤ ሰማያዊውና ነጩ ወደ 3 ቮልት ካልቀረቡ ይህ ነው የሚባል ብርሃን አይሰጡም። ከዚያ ወዲያ ግን ጥቂት ግፊት ብዙ ኮረንቲ ያስከትላል።

ይህን ለመረዳት የመራዊ ተማሪ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። በመስኖ ቦይ ላይ የተሠራ የአፈር ክትር ያስብ። ውኃው ከክትሩ ጫፍ በታች ሳለ ወደ ማዶ የሚያልፈው ጠብታ ብቻ ነው። ጫፉን ካለፈ በኋላ ግን አንድ ጣት ያህል እንኳ ቢጨመር ውኃው ይንደረደራል፤ ጥቂት ቆይቶም አፈሩን እየሸረሸረ ክትሩን ይንደዋል። የውኃው ከፍታ ቮልት፤ የሚያልፈው ውኃ ኮረንቲ፤ ክትሩም መብራቱ ነው። ከላይ በኩል ውኃውን በጠባብ ቧንቧ የሚያሳልፍ ገበሬ ክትሩን ከመናድ ያድነዋል። ያ ጠባብ ቧንቧ በኤሌክትሪክ ቋንቋ ሬዚስተር ይባላል።

በቁጥር እንየው። አራት ባትሪ ድንጋይ በተከታታይ ቢደረደር 6 ቮልት ይሰጣል። ቀዩ መብራት ከዚህ 2 ቮልት ቢወስድ 4 ቮልት ይቀራል። ለመብራቱ የሚስማማው ኮረንቲ 20 ሚሊ አምፔር ከሆነ፤ 4 ቮልት ለ0.02 አምፔር ሲካፈል 200 ኦም ይሆናል። የተለመደውን የ220 ኦም ሬዚስተር ብናስገባ 18 ሚሊ አምፔር ያህል ያልፋል፤ መብራቱም በደኅና ይኖራል። ሬዚስተሩን ረስቶ መብራቱን በቀጥታ ከ6 ቮልት ጋር ያገናኘ ተማሪ ግን አንድ ጊዜ ቦግ ብሎ ሲጠፋ ያያል፤ የቃጠሎ ሽታም ያሸታል። ያን ሽታ ያሸተተ ሰው ሬዚስተርን በቀላሉ አይረሳም።

እንግዲህ ፕሮግራም ሠሪው ይህን ሁሉ ጠባይ በኮምፒዩተር ውስጥ እንዴት ያስመስለው? ቀላሉ መንገድ «ከ2 ቮልት በላይ ከሆነ ይብራ፤ በታች ከሆነ ይጥፋ» ብሎ ማዘዝ ነው። እንዲህ የተሠራ መብራት እንደ በር ነው፤ ወይ ክፍት ነው ወይ ዝግ ነው። በ2 ቮልትም በ6 ቮልትም እኩል ያበራል፤ ሬዚስተር ኖረ አልኖረ አይገደውም። ተማሪው ከዚህ የሚማረው ሬዚስተር ትርፍ ዕቃ ነው የሚለውን ነው። ይህ ትምህርት ከመቅረቱ መሰጠቱ ይጎዳል።

የተሻለው መንገድ የዳዮዱን እውነተኛ ቀመር መጠቀም ነው። በቀመሩ መሠረት በብዙዎቹ ኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች ላይ ቮልቱ በ0.12 ያህል በጨመረ ቁጥር ኮረንቲው ወደ አሥር እጥፍ ያድጋል። ኮረንቲው እየበዛ ሲሄድ ደግሞ የመብራቱ የውስጥ መቋቋም ስለሚጫነው የዕድገቱ ፍጥነት ይቀንሳል። ሁለቱንም ያላሰበ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ያሳንሳል፤ ሌላ ጊዜ ያጋንናል። ባትሪውም ቢሆን ፍጹም ተደርጎ መታሰብ የለበትም። ለምሳሌ ያህል፤ በቁልፍ መያዣ ላይ በሚንጠለጠለው ትንሽ የእጅ ባትሪ ውስጥ ነጩ መብራት ብዙ ጊዜ ከ3 ቮልቱ ክብ ባትሪ ጋር ያለ ሬዚስተር ይገጠማል። ይህም ሆኖ አይቃጠልም። ምክንያቱም ትንሹ ባትሪ ራሱ በውስጡ መቋቋም ስላለው ብዙ ኮረንቲ ማውጣት አይችልም። የባትሪውን የውስጥ መቋቋም የረሳ ፕሮግራም ይህን በየኪሳችን ያለ ዕቃ እንኳ ሊያስረዳ አይችልም።

ቀመሩ ቢታወቅም ስሌቱ በአንድ ጊዜ አይፈታም። ኮረንቲውን ለማወቅ ቮልቱ ያስፈልጋል፤ ቮልቱን ለማወቅ ደግሞ ኮረንቲው ያስፈልጋል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ነጋዴ በሚዛን እንደሚያደርገው ያደርጋል። አንድ ግምት ያስቀምጣል፤ ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ ያያል፤ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ሁለቱ ወገን እኩል እስኪሆን ድረስም ይደጋግማል። በግምቱ ላይ እርምጃውን ካላሳጠረ ግን የዳዮዱ ኮረንቲ በጥቂት ቮልት ልዩነት እጅግ ስለሚያድግ ቁጥሩ ከልክ አልፎ ስሌቱ ይሰናከላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ነው። ይህን ችግር በዘዴ የፈታው ስፓይስ የተባለው ፕሮግራም በ1973 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የወጣ ሲሆን፤ ሎረንስ ኔግልና መምህሩ ዶናልድ ፒደርሰን ደክመውበታል። የዛሬዎቹ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ፕሮግራሞች ሥራቸው ከዚህ ሥር የበቀለ ነው።

ቁጥሩ ቢገኝም ሥራው ገና አላለቀም፤ ቁጥሩ ብርሃን ሆኖ መታየት አለበትና። የመብራቱ ብርሃን ከኮረንቲው ጋር በቅርብ ይመጣጠናል፤ 20 ሚሊ አምፔር የነበረው ወደ 10 ቢወርድ ብርሃኑም በግማሽ ያህል ይቀንሳል። የኮምፒዩተር መስኮት ግን ለሚሰጡት ቁጥር እንዲህ በቀጥታ አይታዘዝም። ከ255 ሙሉ ቁጥር ግማሹን ቢሰጡት የሚያወጣው ብርሃን የሙሉው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። እውነተኛውን ግማሽ ብርሃን ለማሳየት 186 አካባቢ መስጠት ያስፈልጋል። ደግሞም አርዱይኖ የተባለው የመማሪያ ሰሌዳ መብራትን የሚያደበዝዘው በሰከንድ 490 ጊዜ ያህል እያበራና እያጠፋ ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ መስኮት ይህን ተከትሎ ማሳየት ስለማይችል፤ ፕሮግራሙ አማካዩን አስልቶ የደበዘዘ ብርሃን መሣል ይገባዋል። አለዚያ ተማሪው በእውነተኛው ዕቃ ላይ ከቶ የማያየውን ብልጭልጭታ ያያል።

ከሁሉም በላይ ግን የሚበልጠው የቃጠሎው ነገር ነው። መብራቱ ሲሞቅ፤ ኮረንቲ ለማሳለፍ የሚፈልገው ቮልት በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በ2 ሚሊ ቮልት ያህል ይቀንሳል። ሬዚስተር ከሌለ ኮረንቲው በዚህ ምክንያት ይጨምራል፤ መብራቱም ይብስ ይሞቃል፤ የበለጠ መሞቁም ሌላ ኮረንቲ ይጠራል። ክትሩን የሚሸረሽረው ውኃ ይህ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ፕሮግራም የሙቀቱን ሂሳብ ከጊዜው ጋር ይይዛል። ከልኩ ጥቂት ያለፈው መብራት ዕድሜው እንዲያጥር፤ እጅግ ያለፈውም ወዲያው እንዲቃጠል ያደርጋል። የተቃጠለውም ተማሪው አዲስ እስኪለውጥበት ድረስ ጨለማ ሆኖ ይቆያል። በኮምፒዩተር ላይ አዲስ መብራት ገንዘብ አያስወጣም። የቤተ ሙከራው ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው፤ አንድ ድሀ ተማሪ ያለ ወጪ መቶ መብራት አቃጥሎ መቶ ጊዜ ሊማር ይችላል። መብራቱ የማይቃጠል ከሆነ ግን ይህ ጥቅም በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ለጀማሪ ይህ ሁሉ ዝርዝር ያስፈልገዋልን? ቀላሉ ይበቃዋል» ሲሉ ሰምተናል። ቀመሩን ለጀማሪው ማሳየት አያስፈልግ ይሆናል፤ ይህን እንቀበላለን። ነገር ግን የሚያየው ውጤት የእውነተኛው ዕቃ ውጤት መሆን አለበት። ሕፃን የእሳትን ኬሚስትሪ ባያውቅም እሳት እንደሚያቃጥል በቶሎ ማወቅ ይገባዋል።

በዚህ ረገድ አገራችን አንድ ልምድ አላት። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ በሳተላይት የሚመጣ ትምህርት መሰጠት ተጀምሮ ነበር። በመስኮቱ ላይ ሙከራው ያምር ነበር፤ የሚያስተምረው ሰው ዕቃውን ሲነካ ይታያል። ተማሪው ግን ሊያቆመው፤ ሊጠይቀው፤ እርሱም ነክቶ ሊሳሳት አይችልም ነበር። ፍጥነቱም ለብዙዎች ከባድ እንደነበረ ያን ጊዜ የተማሩ ሁሉ ያስታውሱታል። የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ከዚያ የሚበልጠው ተማሪው ራሱ እጁን ስለሚያስገባበት ነው። የተማሪው ስሕተት ዋጋ የማያስከትልበት ከሆነ ግን ተመልሶ ቴሌቪዥን ይሆናል።

ሌላም የማይዘነጋ ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተዋል። መራዊም የዚህ መከራ ተካፋይ ነበረች። እንግዲህ ኢንተርኔት ካልኖረ የማይከፈት ቤተ ሙከራ፤ እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ የሚዘጋ ቤተ ሙከራ ነው። በተራ ኮምፒዩተርና በተራ ስልክ ላይ ተቀምጦ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፤ ጽሑፉም በአማርኛ የሆነ ቢሆን ይመረጣል። የመብራቱ ስሌት ከባድ ማሽን የሚጠይቅ አይደለም፤ ትንሽ ስልክ እንኳ ይችለዋል።

በየወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ለሚሠሩ ወጣት ሹማምንት አንድ ምክር እናቀርባለን። የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ እንግዛ ወይም እንቀበል ሲባል፤ የሥዕሉን ማማር ከማየት በፊት መብራቱን ያለ ሬዚስተር ከ6 ቮልት ጋር አገናኝተው ይሞክሩት። ካልተቃጠለ ምክንያቱን ይጠይቁ። ቀጥሎም ሬዚስተሩን በእጥፍ ሲያሳድጉት ብርሃኑ ይቀንስ እንደሆነ፤ እግሩን ሲያገላብጡት ይጠፋ እንደሆነ፤ ባትሪው ሲደክም መብራቱም ይደበዝዝ እንደሆነ ይመልከቱ። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅለውም ይሞክሩት። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም።

ለተማሪዎችም የምንለው አለን። የኮምፒዩተሩ ቤተ ሙከራ ምንም ያህል እውነተኛ ቢሆን የእጅን ሥራ አይተካም። ከተበላሸ የእጅ ባትሪ የተፈታ አንድ መብራት፤ ሁለት ሬዚስተርና አራት ባትሪ ድንጋይ ቢገኝ፤ በኮምፒዩተሩ ላይ የተነበዩትን ኮረንቲ በደብተር ጽፋችሁ በመለኪያ አረጋግጡት። መለኪያው ለክፍሉ አንድ ብቻ ቢሆን እንኳ በተራ ይዳረሳል። ሁለቱ ቁጥሮች ጥቂት ቢለያዩ አትደንግጡ፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መፈለግ ራሱ ሳይንስ ነው። እጅግ ቢለያዩ ግን የትኛው እንደዋሸ መርምሩ። ከጣና ዳር ትምህርት ቤቶች የሚወጡ ወጣት መሐንዲሶችም፤ እንዲህ ያለውን ቤተ ሙከራ ለአገራቸው ተማሪ በአገራቸው ቋንቋ ቢሠሩ ትልቅ ውለታ ነው። በሚሠሩበትም ጊዜ የመብራቱን ማማር ብቻ ሳይሆን መቃጠሉንም እንዳይረሱ አደራ እንላለን።