የኩዌት ካርታ ማን ጋ ነበር?

ስሙኝማ! በጎረቤቱ የተዋጠ አገር እንዴት ተመልሶ አገር እንደሚሆን ገና አሁን ገባኝ፤ ካልነገርኳችሁ አላርፍም።

ሐምሌ 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ሌሊት የሳዳም ሁሴን ጦር ከኢራቅ ተነስቶ ትንሿን ኩዌት ወረረ። በሁለት ቀን ውስጥ አገሪቱ በእጁ ገባች፤ አሚሩ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ አመለጡ። ወር ሳይሞላ ሳዳም ኩዌት 19ኛዋ የኢራቅ ክፍለ ሀገር ናት ብሎ አወጀ። አበቃላት ትላላችሁ? ቆዩ!

አንድ ጉልበተኛ አጥር ጥሶ ቤታችሁ ገባ እንበል። አልጋችሁ ላይ ተኛ፣ ቁልፉንም ቀየረ። የቤቱ ካርታ ግን እናንተ ጋ ነው፤ ክፍለ ከተማውም ስም አላዛውርም አለ። እንግዲህ ቤቱ የማን ነው?

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። ነሐሴ 3 የመንግሥታቱ ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት 15 አባላት በሙሉ ድምፅ፣ ኩዌትን መጠቅለሉ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም አሉ። ኋላ ላይ ጦር መዝመቱን የተቃወሙት ኩባና የመን እንኳ እዚህ ላይ ተስማምተዋል። ያኔ የምክር ቤቱ አባል የነበረችው ኢትዮጵያም እጇን አውጥታለች!

ቀጥሎ ገንዘቡ። ወራሪው የማዕከላዊ ባንኩን ወርቅና ኖት ዘርፎ ወሰደ። ኩዌት ግን የነዳጅ ገንዘቧን ለዓመታት ውጭ አገር ስታፈስ ኖራለች፤ እሱን ከየት ያገኘዋል? የተሰደደው መንግሥት በዚያ ገንዘብ የተሰደዱ ዜጎቹን ደገፈ። የተዘረፉት ኖቶችስ? ከነጻነት በኋላ አዲስ ዲናር ታተመና እነሱ ከጥቅም ውጭ ሆኑ!

ጉድ ያስባለኝ ግን ሦስተኛው ነው። ኢራቅ የኩዌታውያንን የሕዝብ መዝገብ ለማጥፋት ተነሳች። መዝገቡ ከጠፋ ማን ኩዌታዊ እንደሆነ በምን ይለያል? ኅዳር 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የመዝገቡ ቅጂ በዋና ጸሐፊው እጅ ይቀመጥ ብሎ ወሰነ። ቅጂው የያዘው እስከ መቼ የተመዘገበውን ሰው መሰላችሁ? እስከ ወረራው ዋዜማ! ያኔ ነው ሁሉም ነገር ቁልጭ ያለልኝ፦ ሳዳም መሬቱን ይዟል፤ ሕጉ፣ ገንዘቡና የሰዎቹ ስም ግን ከእጁ ውጭ ናቸው።

እርግጥ ወታደር በወረቀት አይወጣም። አሜሪካ የመራችው የብዙ አገሮች ጦር ከሳምንታት የአየር ድብደባ በኋላ የካቲት 17 በምድር ገባ፤ በ100 ሰዓት ገደማ ኩዌት ነጻ ወጣች። ሸሺዎቹ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶችን አቃጥለው ሄዱ። መንግሥቱ ግን ከዜሮ አልጀመረም፤ ሕዝቡን በስም ያውቃል፣ ካዝናውም አልደረቀም።

ኅዳር 1987 ዓ.ም. ደግሞ ለኩዌት ሉዓላዊነትና ድንበር በይፋ እውቅና የሰጠው ማን ነበር? ራሱ የሳዳም መንግሥት!