ጋሽ ጌታቸው የመረጧቸው ፓንኮች

ከመድረክ ጀርባ የምንሠራ ሰዎች እርስ በርሳችን የምናወራው፣ ትኬት ቆርጦ ለገባው ሰው ግን የማንነግረው ብዙ ነገር አለ። ዛሬ አንዱን በጆሯችሁ ሹክ ልበላችሁ። ስለ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያና ዘ ኤክስ ስለሚባለው የሆላንድ ፓንክ ባንድ የሚወራው ታሪክ ተገልብጦ ነው የሚወራው። «ፈረንጆች መጥተው አንድ የተረሱ ሽማግሌ አገኙ፤ አንሥተው አውሮፓ አደረሷቸው» ይባላል። ነገሩን ከቅርብ የተከታተሉት ሰዎች የሚሉት ሌላ ነው። ፓንኮቹ ጋበዟቸው እንጂ አልመረጧቸውም። ባንዱን የመረጡት ጋሽ ጌታቸው ናቸው።

የምጽፈው ከኤድመንተን ነው፤ ከለንደን ብሪጅ የሚነሳው 149 ቁጥር አውቶቡስ መጨረሻው ከሚሆንበት ከሰሜን ለንደን። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ። ይህ ሠፈር ለጩኸት ሙዚቃ እንግዳ አይደለም። ሲልቨር ስትሪት ጥግ ላይ ሬጋል የሚባል ትልቅ ሲኒማ ነበረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሰንዳውን ተብሎ የሮክ አዳራሽ ሆነ፤ በዲሴምበር 1973 ዘ ሁ የሚባሉት እንግሊዞች አራት ምሽት ተጫውተውበታል። ጊታር መድረክ ላይ መሰባበርን ያስለመዱት እነዚህ ልጆች ከሦስት ዓመት በኋላ ለፈነዳው ፓንክ እንደ አባት ይቆጠራሉ። በጁላይ 1976 ራሞንስ ከኒው ዮርክ መጥተው ካምደን ራውንድሃውስ ሲጫወቱ፣ በአጭር ዘፈን፣ በፈጣን ምትና አብሮ በሚዘፈን ዜማ፣ ዛሬ ፖፕ ፓንክ የሚባለው መንገድ ተጠረገ። አሁን ደግሞ እዚሁ ኤድመንተን፣ ሜሪዲያን ዋተር ላይ፣ አይኬያ የቤት ዕቃ ይሸጥበት የነበረው ሕንፃ ድራምሼድስ ተብሎ እስከ 15,000 ሰው የሚይዝ የጭፈራ አዳራሽ ሆኗል። የኛ ሰው ግን ይህን ሁሉ እያለፈ ወደ ሥራው ይሄዳል። ፓንክ የነጭ ጎረምሳ ጉዳይ ይመስለዋል። የሽለላ አገር ልጅ ሆኖ እንዲህ ማሰቡ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ዘ ኤክስ የተቋቋመው በ1979 ነው። በዚያን ጊዜ አምስተርዳም ውስጥ ወጣቶች ባዶ ቤቶችን ሰብረው እየገቡ ይኖሩ ነበር፤ ባንዱም ከዚያ ንቅናቄ የወጣ ነው። ስሙን ያሳጠሩት ፖሊስ ሳይደርስ ግድግዳ ላይ ቀለም ነፍቶ ለመጻፍ እንዲመች ነው ይባላል። ሥራ አስኪያጅ የላቸውም። ሸክላቸውን ራሳቸው ያሳትማሉ፣ ኮንሰርታቸውን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፣ ዕቃቸውን ራሳቸው ይጭናሉ። እንዲህ ዓይነት ባንድ ስታዲየም አይሞላም፤ የያዘውን ተከታይ ግን አይለቅም። በሃያ ዓመቱ ያያቸው ሰው በስድሳ ዓመቱ ልጁን ይዞ ይመጣል። በኛ አውቶቡስ መንገድ ላይ፣ ዳልስተን ያለው ካፌ ኦቶ ሲመጡ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል፤ ፊት የሚቆሙት ሽበታሞች ናቸው፣ ከኋላቸው ተማሪዎች።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከጋሽ ጌታቸው በፊትም ቢሆን እነዚህ ሰዎች ከማይመስላቸው ጋር መጫወት ልምዳቸው ነበር። በ1991 ከአሜሪካዊው የቼሎ ተጫዋች ቶም ኮራ ጋር አልበም አውጥተዋል። ስለዚህ ሳክስፎን የያዘ ኢትዮጵያዊ ሲመጣ እንደ እንግዳ ዕቃ አላዩትም። እንግዳን ማዳመጥ ያውቁበት ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ2002 ነው፤ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ተጫወቱ። በ2004 የሆላንዱን የጃዝ ድራም ተጫዋች ሃን ቤኒንክን ይዘው ተመለሱ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባንዱ 25ኛ ዓመቱን አምስተርዳም ፓራዲሶ ውስጥ ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን ጠሩ። እሳቸውም ሄደው በበዓሉ ላይ ተጫወቱ። እስከዚህ ድረስ ግብዣ ነው። ሹክሹክታው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰባኛ ዓመታቸው ደፍ ላይ የነበሩት ሰው ወደ ቤት ከመመለስ ይልቅ አዲስ አልበም መሥራት እፈልጋለሁ፣ የሚያጅበኝም ይህ ባንድ ይሁን አሉ። ዓለም በሙሉ የጃዝ ኦርኬስትራ ሊሰጣቸው ዝግጁ በነበረበት ሰዓት የሆላንድ ፓንኮችን ጠየቁ።

ለምን? ጋሽ ጌታቸው ማን እንደሆኑ ያወቀ አይገርመውም። በ1935 ይፋት የተወለዱ፣ ክራርና ማሲንቆ ነክተው ያደጉ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ክላርኔትና ሳክስፎን የያዙ ሰው ናቸው። በ1955 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ገቡ፤ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተሻገሩ። የሥራቸው ቁንጮ ሽለላን ከጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ማሸጋገራቸው ነው። ሸላዩ ድምፁን እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ቃሉን የት እንደሚሰብር፣ ትንፋሹን የት እንደሚውጥ ሁሉ በቧንቧው ውስጥ አስገቡት። የውጭ ሰዎች ሲሰሙት ኦርኔት ኮልማንን፣ አልበርት አይለርን ይጠሩላችኋል። ጋሽ ጌታቸው ግን ይህን ከአሜሪካ አልተማሩም፤ አሜሪካኖቹ በፍሪ ጃዝ ስማቸው ከመውጣቱ በፊት በ1950ዎቹ ሽለላውን በሳክስፎን ይጫወቱ ነበር። ቀደም ሲል ያወጡት ሸክላ በ2003 በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት፣ ኢትዮፒክስ የተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ እትም 14ኛ ቅጽ ሆኖ ሲታተም ነው የውጭው ዓለም ደንግጦ የተነሳው።

ሽለላ እንግዲህ ተቀምጠው የሚያዳምጡት አይደለም። ተዋጊ ደሙ እንዲፈላ፣ ፈሪም እንዲያፍር የሚደረግ ነው። ባለሙያው ፊት ላይ ቆሞ ይቆጣል፣ ይፎክራል፣ የሰማው ደግሞ ዝም ብሎ መቆም ያቅተዋል። የፓንክ መድረክም ሥራው ይኸው ነው። ጋሽ ጌታቸው በዕድሜያቸው ብዙ ጨዋ ኦርኬስትራ አይተዋል፤ ከኋላቸው ኖታ እያነበበ የሚያጅብ ሰው አላጡም። ያጡት እንደሳቸው የሚቆጣ ባንድ ነበር። በኔ እምነት ምርጫው ይህ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አሁን ወደ ኬብሉና ወደ ሚክሰሩ ልውሰዳችሁ፤ የኛ የባለሙያዎቹ ወሬ እዚያ ነው። ቴነር ሳክስፎን ያለበትን የባህል ዜማ በሁለት ኤሌክትሪክ ጊታር ማጀብ ከባድ ነው። ጊታር ሰፊ ኮርድ ከመታ የሳክስፎኑን ድምፅ ሥፍራ ይይዝበታል፤ ከዚያ ማይክሮፎን ብትጨምሩም ጩኸት እንጂ ዜማ አይወጣም። ሌላም ችግር አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ቅኝቶች ናቸው፤ የፈረንጅ ኮርድ ሲደረብባቸው ብዙ ጊዜ ጠረናቸው ይጠፋል። ዘ ኤክስ ግን ከጥንትም ኮርድ እየለዋወጠ የሚዘፍን ባንድ አይደለም። ቴሪ ሄሰልስ ጊታሩን ይቧጭረዋል፣ ይወጋዋል፤ አንዲ ሙር የሚባለው ሌላው ጊታሪስት፣ የቤዝ ተጫዋቿ ከሄደች በኋላ፣ ባሪቶን ጊታር ይዞ ታችኛውን ክፍል ያሽከረክራል። አንድ አጭር ሐረግ ይዘው ደጋግመው ይወቅጡታል። መሃሉ ባዶ ይቀራል። ያ ባዶ ቦታ ልክ አንድ ቴነር ሳክስፎን የሚቆምበት ነው። የክራርና የማሲንቆ አጃቢም ቢሆን የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ አንዷን ሐረግ ይዞ ይዞራል፣ ዘፋኙ በላይዋ ይሄድባታል።

ከሁሉም የምታስገርመኝ ድራሟን የምትጫወተው ካተሪና ቦርነፌልድ ናት። አብዛኛው የፓንክ ድራም ቀጥ ብሎ ይሮጣል። እሷ ግን ቶሞቹንና ደወሎቹን እያቀላቀለች የምትመታ ስለሆነች ምቷ እንደ ከበሮ ይወዛወዛል፤ ችክችካው ውስጥ ለመግባት ብዙ መንገድ አልነበረባትም። ሽለላው ሲጀምር ደግሞ ልኬት የለውም። ሳክስፎኑ ብቻውን ይጮኻል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ዝም ይላል። በዚያች ዝምታ ውስጥ ሳይቸኩል የሚጠብቅ ባንድ ማግኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጎበዝ ሙዚቀኛ ዝምታ ሲያገኝ በጣቱ ይሞላዋል።

በ2006 ሞአ አንበሳ የተባለው አልበም ወጣ፤ በቴሪ የራሱ ማተሚያ፣ ቴርፕ። ክላርኔት በፈረንሳዊው ግዛቪየ ሻርል፣ ትሮምቦን በዮስት ቦይስ፣ አልቶ ሳክስፎን በካናዳዊው ብሮዲ ዌስት ተጨመረበት። «ኢትዮጵያ ሀገሬ»ም፣ «ቼ በለው ሽለላ»ም፣ «ትዝታ»ም አለበት። ባንዱ የራሱን ዘፈን አላመጣም፤ የጋሽ ጌታቸውን ተምሮ ነው የተጫወተው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ዞሩ። ጋሽ ጌታቸው የአንበሳ ጎፈር ደርበው ይወጣሉ። ጎፈሩን ለፈረንጅ ትርኢት የተለበሰ የሚመስለው ካለ ይታረም፤ ጎፈር የጀግና ልብስ ነው፣ ሸላዩም የሚሸልለው በጀግና ስም ነው። ካዛንቺስ ይገኝ የነበረው የፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ባለቤት መላኩ በላይም በአንዳንድ ጉዞዎች አብሯቸው ወጥቶ እስክስታውን ከጊታሩ ጋር አስታርቋል። በፊልም የተቀዳ ኮንሰርታቸው «11 ኢትዮ-ፓንክ ዘፈኖች» ተብሎ በዲቪዲ ታትሟል፤ ያላየ ይፈልገው።

ምርጫው ምን ያህል ጽኑ እንደነበር የሚያሳይ አንድ በጋ አለ። በጁን 2008 እዚህ ለንደን ባርቢካን ውስጥ ማሕሙድ አሕመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፣ ሙላቱ አስታጥቄና ጋሽ ጌታቸው በአንድ ምሽት ቀረቡ፤ አጃቢው የቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ ነበር፤ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ የተከበረ የጃዝ ስብስብ። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ኦገስት 20፣ ኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር ደጅ ላይ ማሕሙድና ዓለማየሁ ከዚያው ኦርኬስትራ ጋር ሲዘፍኑ፣ ጋሽ ጌታቸው ከዘ ኤክስ ጋር ወጡ። አንድ መድረክ፣ ሁለት ባንድ። የተሻለ የለበሰውና ኖታ የሚያነበው ባንድ ዝግጁ ሆኖ ሳለ ከፓንኮቹ ጋር ቆሙ። ይህን ያየ ሰው «አገኟቸው» የሚለውን ወሬ መተው አለበት።

የዘ ኤክስ ሰዎች በጋሽ ጌታቸው ብቻ አልቆሙም። የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች በክራርና በከበሮ ይዘፍን የነበረውን ዓይነ ስውሩን መሐመድ ጂሚ መሐመድን ቀድተው በቴርፕ አሳትመዋል፤ እሱም በ2006 ሳይጠገብ ሞተ። ማንም ትልቅ ኩባንያ በሩን አላንኳኳም ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ሰው «ሙዚቃችንን ሊበዘብዙ ነው የመጡት» ሲል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ለማያተርፍ ሥራ ይህን ያህል ዘመን የሚደክም በዝባዥ የለም።

የመጨረሻው አልበም «የአንበሳው ትዝታ» በ2012 ወጣ። ጋሽ ጌታቸው በኤፕሪል 4 ቀን 2016 አረፉ፤ 81 ዓመታቸው ነበር። ዘ ኤክስ ግን አሁንም አለ።

አሁን ለናንተ፣ ለለንደን የኛ ኮንሰርት አዘጋጆችና ለትኬት ገዢዎች አንድ ልመና አለኝ። ስንት ጊዜ አንድ ኪቦርድና አንድ ላፕቶፕ የተቀመጠበት መድረክ ላይ ታዋቂ ዘፋኝ አምጥታችሁ ድራሙ ከማሽን ሲወጣ ሰምተናል? ወጪ ይቀንሳል፣ ይገባኛል፤ የአዳራሽ ኪራይና ቪዛ ምን እንደሚበላ አውቃለሁ። ነገር ግን ማሽን ዘፋኙን አይጠብቅም። ዘፋኙ ቢያለቅስ አይሰማም፣ ቢፎክር አይቆጣም። በሰሜን ለንደን ክራር የሚመታ፣ ማሲንቆ የሚገዘግዝ፣ ሳክስፎን ይዞ ቀን ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ሞልቷል። ቤዝና ድራም የሚጫወቱ የዚህ አገር ወጣቶችም ተጨምረውበት፣ አንድ ጋራዥ ተከራይተው ጥቂት ሳምንት ቢለማመዱ የሚሆነውን በሞአ አንበሳ አይተናል። በሚቀጥለው ፋሲካ ኮንሰርት ስታዘጋጁ ከዘፋኙ ስም በታች የባንዱን ስም ጻፉ። እናንተም ትኬት ስትገዙ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ድራም የሚመታ ሰው አለ ወይ?