ውሻው የእኔ፣ አካፋው የማዘር

ለከብቱ እበት አለን። ለፈረሱ ፋንድያ፣ ለፍየሉ በጠጥ፣ ለዶሮዋ ኩስ። ለውሻው ግን በጨዋ አፍ የምንጠራው የራሱ ስም ያለን አይመስለኝም፤ «የውሻ ምናምን» ብለን አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን። እኔ ምክንያቱ ገበያ ነው ባይ ነኝ። እበት ግድግዳ ይለሰንበታል፣ ሲደርቅም ኩበት ሆኖ ይሸጣል። ፋንድያና ኩስ ማሳ ያዳብራሉ። የውሻውን ግን የሚገዛም የሚፈልግም የለም። ፈላጊ የሌለው ነገር ደግሞ ባለቤትም የለውም።

ይህን ሁሉ ያስፈለሰፈኝ ደጃችን ላይ ያየሁት ነገር ነው።

ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ብዙም ሳይርቅ ነው የምንኖረው። ቡቺ የሚባል ውሻ አለን። እንደ ብዙው ሰፈር ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይለቀቃል። «ሌባ ይጠብቃል» እንላለን። ሌሊቱን ሲዞር ሌላ ምን እንደሚሠራ ግን ማናችንም ጠይቀን አናውቅም።

መጋቢት ላይ የጋምቤላ ሙቀት ቤት ውስጥ እንደማያስተኛ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ወጥቼ በር ላይ ቁጭ አልኩ። ከአጥራችን ጥግ ቡና የሚያፈሉት ጎረቤታችን አካፋ ይዘው መጡ። በርጩማዎቹን ከመደርደራቸው በፊት ጎንበስ ብለው ከመሬቱ አንዳች ነገር አነሱ፣ ቦታው ላይ አመድ በተኑበት፣ ያነሱትንም ወስደው ራቅ አድርገው ቀበሩ። ከዚያው አቅጣጫ የኛው ቡቺ ጭራውን እየቆላ መጣ።

«ማዘር፣ ሁልጊዜ ነው እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ? ሰው ሳይመጣ ማንሳት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ጎረቤት አይደለን? በውሻ ልጣላችሁ?»

አፈርኩ። እዚያው ቦታ ላይ ስንት ጠዋት ቡና ጠጥቻለሁ!

ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ስማር «ኤክስተርናሊቲ» የሚባል ነገር ሸምድጃለሁ፦ አንዱ የሚጠቀምበት፣ ዋጋውን ግን ሌላው የሚከፍልለት ነገር ማለት ነው። የመጽሐፉ ምሳሌ ሁሌም የፋብሪካ ጭስ ነበር። በኛ ሰፈር ፋብሪካው ቡቺ ነው። ጥበቃው ለኛ፣ አካፋው ለማዘር። በቀን አሥር ደቂቃ ቢፈጅባቸው በዓመት 60 ሰዓት ይሆናል፤ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ብናሰላው ከሰባት ቀን በላይ በነፃ ለኛ ሠርተዋል ማለት ነው።

ነገሩ ደግሞ የሽታና የዝንብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወስፋት ያለበት ውሻ ከሰገራው ጋር የትሉን እንቁላል ይጥላል። ትኩስ ሳለ እንቁላሉ ገና ሰው አይዝም፤ አፈር ውስጥ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ነው አደገኛ የሚሆነው፤ ከዚያም ለወራት ሊቆይ ይችላል። የውሻ መንጠቆ ትል እጭ ደግሞ ሞቃትና እርጥብ አፈር ይመቸዋል፣ በባዶ እግር ቆዳም ይገባል። ሞቃትና እርጥብ አፈር፣ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ… ክረምት ላይ ሰፈራችንን አስቡት። ጎርፉ ጠርጎ የሚወስደውም ልጆች ወደሚዋኙበት፣ ልብስ ወደሚታጠብበት ውኃ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር ቶሎ ማንሳት ነው።

«ውሻ ተይዞ ይኖራል እንዴ? ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ኒውዮርክ የውሻህን አንሳ የሚል ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፣ እውነት ነው። ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ ክልላችን ጎግና አቦቦ ወረዳዎች አሉ።

እዚያ ያለው ችግር ከሰገራ ጋር አይገናኝም፤ ጊኒ ዎርም ነው። እጩን የያዘች ደቃቅ የውኃ ነፍሳት ያለችበትን ውኃ ሰው ወይም ውሻ ይጠጣል። ከዓመት ገደማ በኋላ እስከ አንድ ሜትር የሚረዝም ትል ቆዳ በስቶ ይወጣል። ያቃጥላል። ሕመምተኛው ኩሬ ውስጥ ሲገባ ትሉ እጮቹን ይረጫል፤ ዙሩም እንደገና ይጀምራል። ክትባት የለውም፣ መድኃኒትም የለውም፤ ትሉን በትንሽ እንጨት እየጠቀለሉ ቀስ በቀስ ማውጣት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን ሰው ይያዝ ነበር፤ በ2024 የተመዘገበው 15 ሰው ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ዋና እንቅፋት ሆኖ የቀረው እንስሳት ላይ መገኘቱ ነው፤ ከነሱም ዋናው ውሻ።

ታዲያ የአደጋው ስጋት ባለባቸው መንደሮች ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ነዋሪዎች ውሾቻቸው ኩሬ እንዳይገቡ ያስራሉ። የታሰረ ውሻ ራሱ አድኖ አይበላም፤ ባለቤቱ ያበላዋል፣ ያጠጣዋል። ወጪው የአንድ ቤት ነው፣ ጥቅሙ የመንደሩ። እርግጥ የውኃ ማጣሪያውና ኩሬ ላይ የሚጨመረው ኬሚካልም አለ፤ ውሻ ማሰር ብቻውን አላመጣውም። ግን እ.ኤ.አ. በ2023 እና በ2024 ኢትዮጵያ ውስጥ አንድም በጊኒ ዎርም የተያዘ ሰው አልተመዘገበም። ኤክስተርናሊቲ የሚለውን ቃል ሳይሸመድዱ መልሱን ሠርተውታል። ዲግሪው ግን እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

እና ምን ጀመርኩ? ቡቺ አሁን ማታ የሚለቀቀው ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሌባም ቢሆን የሚመጣው በግቢ ነው። አጥር የሌለው ሰው ረዘም ያለ ገመድ ይበቃዋል። ራቱን በአንድ ሰዓት ስለምሰጠው የሚወጣበትም ሰዓት ታውቋል። የሠራውን በአካፋ አንስቼ ከውኃ ጉድጓድና ከጎርፍ መውረጃ ራቅ ያለ ቦታ እቀብራለሁ። ፌስታል አልጠቀምም፤ እሱን ደግሞ ማን ያነሳዋል? ከእንስሳት ጤና ክሊኒክም የትል መድኃኒትና የእብድ ውሻ ክትባት ተሰጥቶታል።

መጀመሪያ ቀን ያበደሩኝ ማዘር ናቸው፤ አካፋ አልነበረንም። ባለፈው ሳምንት «ላለፈው ድካምዎ ትንሽ ነገር ልክፈል» ብዬ ብር ዘረጋሁ። ሳቁብኝ።

«ብሩን ተወው ልጄ» አሉ፤ «አካፋዬን መልስልኝ። የሌላውም ሰው ውሻ አለ።»