ምድጃ ዳር የተቀመጠው እብድ

ያበደ መስሎ ጠላትን ማዘናጋት የቆየ ዘዴ ነው። ዳዊት በጌት ንጉሥ ፊት ለሀጩን በጢሙ ላይ አዝረክርኮ ነፍሱን አትርፎበታል። ስለ በቀል ትራጄዲ ሲወራ ግን ሁሉም የሚያነሳው የሼክስፒርን ሐምሌት ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ያናገረውን። እኔ ደግሞ አብልጬ የምወደው አያቱን ነው።

አያቱ አምሌት ይባላል። ዴንማርካዊው ሳክሶ ግራማቲከስ በ1200 እ.ኤ.አ. ገደማ በላቲን ታሪኩን ጽፎታል። አጎቱ ፌንግ አባቱን ገድሎ እናቱን አግብቷል፤ ይህንንም አገር ያውቃል። ወጣቱ አእምሮው የሰላ መሆኑ ከታወቀ አይተርፍም። ስለዚህ አመድ ለአመድ እየተንከባለለ ምድጃ ዳር ይውላል፤ የእንጨት ሜንጦ ይጠርባል፣ ጫፉን በእሳት እየለበለበ ያጠነክራል። ምን እየሠራህ ነው ሲሉት የአባቴን ደም የምመልስበት ጦር እየሳልኩ ነው ይላቸዋል። ይስቁበታል።

ልብ በሉ፤ አንድም ቃል አልዋሸም። ሰሙ እብደት፣ ወርቁ ዛቻ ነው፤ ወርቁን የሚፈታ ግን አልተገኘም። ቀኑ ሲደርስ መኳንንቱ ሰክረው በተኙበት እናቱ የሠራችውን መጋረጃ ከግድግዳው አውርዶ ያለብሳቸዋል፣ በእነዚያው ሜንጦዎች አጥብቆ ይቆልፈዋል፣ አዳራሹንም በእሳት ያያይዘዋል።

ሼክስፒር ግን ግድያውን ምስጢር አደረገው። የሐምሌት አጎት ክላውዲየስ በተኛው ንጉሥ ወንድሙ ጆሮ መርዝ ሲያፈስ ያየ ሰው የለም። ሐምሌት ዝም ቢል ማን ይጠረጥረው ነበር? እብደቱ ክላውዲየስን አነቃው፤ የሐምሌትን የልጅነት ጓደኞች አስጠርቶ አሰለለበት። ይህን የድርሰቱ ጉድለት የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። አምሌት እብደቱን የለበሰው ለመኖር ነው፤ ሐምሌት ግን በዚያ ቤተ መንግሥት እውነቱን የሚተነፍስበት ሌላ ቀዳዳ የለውም።

የሚያናድደኝ ሐምሌትን በእርግጥ ያበደ አድርጎ መጫወት ነው። በአንድ የተማሪዎች ትርዒት ላይ ዋናው ተዋናይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይኑን እያፈጠጠ፣ ፀጉሩን እየነጨ ሲጮህ አይቻለሁ፤ ከታማኝ ወዳጁ ከሆሬሾ ጋር ሲሆን እንኳ አልተወውም። ሐምሌት እኮ እብድ ልመስል እችላለሁ ብሎ ለሆሬሾ አስቀድሞ ነግሮታል፣ አስምሎታልም! በእርግጥ የምታብደው የሚወዳት ኦፊሊያ ናት፤ እሱም እንደ እሷ ካበደ የእሷ ሐዘን ምን ቦታ ይኖረዋል?

ይህን ገጸ ባሕርይ ለምትጫወቱ ሁሉ አደራ፤ ሆሬሾ ሲገባ ድምፃችሁን ዝቅ፣ ዓይናችሁን ሰከን አድርጉ።